ሚካኤልን የማያውቀው ሳጥን

የካቲት 13 ቀን 2001፣ ዓርብ፣ ሰቆጣ

ጽጽቃ ያለው የፓምፕ ሳጥን ዛሬም ተኝቷል። ሞተሩ ቆሟል፣ ውሃ የለም። ገና የቢሮውን በር ሳልከፍት ስልኩ ይጮሃል። አጎቴ ወልደ ጻድቅ ናቸው። "ልጄ፣ ያ ነገርህ ዛሬም አልነሳም አለ" አሉኝ። የፓምፑ ዘበኛ ሆነው ሲቀጠሩ ዋስ የሆንኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ሲሠራ የውሃ ፕሮጀክቱ ነው፣ ሲቆም የኔ ነው።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሐሳቤ እንዲጠራልኝ ስለሆነ ከሥሩ ልጻፈው። አገሬ ጽጽቃ፣ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ የፀሐይ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ሞተሩ የሚዞረው በሱ ነው። ከሥሩ የብረት ሳጥን አለ፣ ውስጡ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተርና አንዲት ትንሽ ባትሪ። ሳጥኑ ታንከሩ ሲጎድል ሞተሩን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያቆማል፣ እሁድ እሁድ ያሳርፈዋል። ኮምፒውተሯ ትእዛዝ የምትቀበለው ሊስፕ በሚባል ቋንቋ ነው፣ ቅንፍ በቅንፍ ላይ በሚደረደርበት። ያን ቋንቋ እያነበበ የሚፈጽመውን አስተርጓሚ የጻፈው ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረው ይግዛው ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ይሠራል። ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ የሚናገረውን ፕሮግራም የጻፍኩት ደግሞ እኔ። እዚህ ሰቆጣ ተቀምጬ በስልክ መስመር እገባና መጻፊያዬ ላይ፣ ኤዲተር በሚሉት፣ የጻፍኩትን እዚያ አስነብበዋለሁ። ሲያወሩት ያምራል። አንድ ፊደል እጽፋለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ፊደሏ ደርሳ ትመለሳለች። ቅንፍ እዘጋለሁ፣ መስመሩ ይቆረጣል።

ትናንት ሚካኤል ስለነበር ቢሮ ማንም አልመጣም። እኔም አልመጣሁም። መጥቼ ቢሆን ሲሞት እይዘው ነበር።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ከምሳ በኋላ ተነሳ። ፕሮግራሙን ከአዲስ ጫንኩት። መስመሩ ሦስቴ ተቆረጠብኝ። ምክንያቱን አላወቅኩም። ሲሞት የመዘገበውን ሁሉ ይዞት ይሞታል፤ የሚነግረኝ የለም።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ደግሞ። ትናንት ገብርኤል ነበር፤ ጎረቤቴ ጠርተውኝ ጠላ ስጠጣ ዋልኩ። እዚያ ሞቷል። አጎቴ በጠዋት ደወሉ፣ ድምፃቸው እንደ ጥፋተኛ ነው። እኔ ልበሳጭ ወይስ እሳቸው።

የኮምፒውተሯ ትውስታ ትንሽ ነው። አስተርጓሚው የማይፈለገውን ነገር በየጊዜው እየጠረገ ቦታ ማስለቀቅ አለበት። ልቤ የነገረኝ ጠራጊው ነው። የሚፈለገውንም አብሮ እየጠረገ ነው። ይግዛው ተማሪ ሳለም እንዲህ ነበር፤ ሥራው ያምራል፣ ጫፉ አያልቅም። በኢሜይል እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት። ትንሽ ከረር አለብኝ መሰለኝ።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ማርያም ማግሥት እሁድ ነበር፣ ሞተሩ ማረፊያው ስለሆነ ማንም ልብ አላለም። ሰኞ ግን አልነሳም። ዛሬ ነው ያዳንኩት።

አቶ ይሄይስ ከአዲስ አበባ ደወሉ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። "ደግሰው፣ ከፋሲካ በኋላ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ። ያን ጊዜም እንዲህ ከሆነ ፓምፑን ነቅዬ ለሌላ ወረዳ እሰጠዋለሁ። የሚለምኑኝ ብዙ ናቸው።"

"ይገባኛል" አልኩ።

እናቴ ጽጽቃ ናት። ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ቁልቁለቱን ወርዳ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ወገቧን ይዛ መሃል መንገድ ላይ ትቀመጥ ነበር። ዘንድሮ ገና ወገቤ አላለችም። ይነቀላል ብዬ እንዴት ነው የምነግራት።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ሞተ። ትናንት መድኃኔዓለም ቢሆንም ቢሮ ነበርኩ፣ ደህና መስሎኝ ነበር፣ መስመሩ ግን እምቢ ስላለኝ አልገባሁም። ዛሬ የሚመልስልኝ ግማሽ ቃል ነው። አንዱን ተግባር ያውቀዋል፣ ሌላውን ረስቶታል። እንደ ሰካራም።

ይግዛው መለሰ። "ጠራጊውን ሺህ ጊዜ ፈትኜዋለሁ። የኮረንቲውን ነገር አይተሃል?" ይላል። ኮረንቲ። ከፀሐይ በላይ ምን ኮረንቲ ይምጣለት? የካቲት ነው፣ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም። የራስን ስህተት በሰው ማላከክ እንዴት ይቀላል።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ዛሬ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። አጎቴ ይነካኩታል።

ደወልኩላቸው። "አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ ሳጥኑን ከፍተው ያውቃሉ?"

"እኔ? ሳጥኑን?"

"ለማጽዳትም ቢሆን።"

"ልጄ፣ ሲተከል 'ሳጥኑን እንዳይነኩ' ብለህ አስምለኸኛል። አልነካሁም። ሕፃን እንኳ አላስጠጋም።"

ዋሽተው አያውቁም። በመጠየቄ አፈርኩ። ከዚያ "ፀሐዩስ፣ ደህና ይመታዋል?" አልኳቸው፣ ይግዛውን ደስ ይበለው ብዬ። "ፀሐይማ ምን ሊሆን፤ ያንተ አገር ፀሐይ ጠፍታ ታውቃለች?" ብለው ሳቁብኝ። ይኸው፣ ይግዛው።

መጋቢት 13፣ እሁድ

እናቴ ከወረዳው ስልክ ደወለች። ወሬዋ ሁሉ የወንድሟ ነው። "አጎትህ አርጅቷል መሰለኝ። ትናንት ሚካኤል ቅዳሴ በሸሚዝ ብቻ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጋቢህስ ብለው፣ ሥራ ላይ ነው አለኝ።"

"ምን ማለት ነው ሥራ ላይ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። ሳቀና ሄደ። ሽማግሌ ሲያረጅ እንዲህ ነው።"

አሳዘኑኝ። ያቺ ጋቢያቸው እንደሆነች ከሳሳች ቆይታለች፣ ወደ ፀሐይ ብትያዝ ማዶው ይታያል። አፍረው ይሆናል። እኔ እዚህ ሳጥን ነካክተዋል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ሰውዬው የሚለብሱት የላቸውም።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ጠዋት ሳጥኑ ግማሽ ሕይወት ነበረው፣ ቶሎ አነሳሁት። ከዚያ ሐቢባ ሱቅ ሄጄ ጋቢ ገዛሁ፣ ድርብ፣ ከባዱን። "ለማን ነው?" አለች። "ለአጎቴ፣ ጽጽቃ።" "ይሄ እንኳን ብርድ፣ ብርሃንም አያስገባ" አለችና ራሷ ጠቀለለችልኝ። በጭነት መኪና ላክሁት። ቢያንስ አንድ ነገር ተሳካልኝ።

መጋቢት 20፣ እሁድ

ማረፊያ ቀኑ ቢሆንም ልየው ብዬ ደወልኩበት። ጭራሽ አይመልስም። ግማሽ ቃል እንኳ የለም። እስከ ዛሬ ሲታመም ነበር፣ ዛሬ ግን ሬሳ ነው። ምንም አልነካሁም እኮ፣ ባለፈው ሳምንት ያደረግኩት ነገር የለም።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ትናንት እኩለ ቀን ላይ የሞተውን አስነሳለሁ ብዬ ስታገል ነበር፤ አጎቴም ስልካቸውን አያነሱም፣ ማርያም ስለነበረች ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ዛሬ ሳጥኑ ቀስ ብሎ ነፍስ ዘራና ገባሁ። አራት ቀን ሙሉ ውሃ የለም። እናቴ ቁልቁለቱን ወርዳለች። አልነገረችኝም፣ ከአጎቴ ነው የሰማሁት፤ "ወገቧን ይዛለች፣ አትንገረው ብላለች" አሉኝ።

"ጋቢው ደረሰዎ?" አልኳቸው።

"ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥህ። ከአሮጌው ይሻላል፣ በጣም ይሻላል። እንዲያውም ነፋስም አያነሳው።"

ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ደስታ ከየት ይምጣልኝ።

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ሌሊቱን ሙሉ የይግዛውን ጠራጊ ፈታሁት። ቅንፍ ስቆጥር ዓይኔ ሲፈዝ፣ የቱ ቅንፍ የቱን እንደሚዘጋ ግድግዳው ላይ ሳይቀር እየታየኝ ነበር። በመጨረሻ ጠራጊውን በራሴ መንገድ ጻፍኩት። የሱ ቄንጠኛ ነው፣ የኔ ደደብ ነው፣ ግን አይሳሳትም። ሲነጋ በመስመሩ አስገባሁት። ለይግዛው አልነገርኩትም።

መጋቢት 29፣ ማክሰኞ

አልሞተም። እሁድ መድኃኔዓለም ነበር፣ አገር ሁሉ ደግሷል፣ ሳጥኑ ግን በሕይወቱ አለ። ሰኞም ተነሳ። ዛሬም። ለአቶ ይሄይስ ደወልኩና "ስህተቱ አስተርጓሚው ውስጥ ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ" አልኳቸው። "ጎበዝ" አሉኝ። ይግዛው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል እያሰብኩ ነው ራቴን የበላሁት። ከንክኖኝም ነበር፣ ደስ ብሎኝም ነበር።

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ

ሬሳ።

ፋሲካ እሁድ፣ ትናንት ሚካኤል፣ ዛሬ ሬሳ። ከሁለት ሳምንት ጤና በኋላ። አቶ ይሄይስ በሚቀጥለው ሳምንት ሊመጡ ነው። የኔ ደደብ ጠራጊም እንደ ይግዛው ቄንጠኛ ሆነ ማለት ነው። ወይ ሁለታችንም ደህና ነን። ከዚህ ወዲያ ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ በእውነት አላውቅም። ፓምፑን ሊነቅሉት ነው።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

የስልክ ካርድ ልገዛ ሐቢባ ሱቅ ገባሁ።

"ምን ሆነሃል ፊትህ እንዲህ የጠቆረው? ፋሲካ አይደለም እንዴ?"

"ጽጽቃ ያለው ፓምፕ ደግሞ ቆመ።"

"ይቆማል እንጂ፣ ሰኞ ሚካኤል ነበር።" ካርዱን እየፈለገች ነው የምታወራኝ።

"ሚካኤል ቢሆንስ?"

"እህቴ ዘኪያ እዚያ ሱቅ አላት አይደል? የእናንተ በዓል ዋዜማ ሲሆን ጀሪካኗን ሁሉ ሞልታ ታድራለች። በማግሥቱ ውሃ እንደማይመጣ ታውቃለች። አጎትህ በጠዋት ጋቢያቸውን የፀሐይ መስተዋቱ ላይ ያለብሱና ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ አለች። ያንን ከኔ የወሰድከውን።"

ቆምኩ። ካርዱን ዘርግታልኛለች፣ አልተቀበልኳትም።

"እኔ እኮ አንተ ያዘዝካቸው መስሎኝ" አለች።

ቢሮ ተመልሼ ይህንኑ ደብተር ገለጥኩት። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ጠላ ጠጣሁ፣ ቢሮ ማንም የለም፣ አገር ደግሷል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን የሞተበትን ቀን የምፈልገው በፈረንጅ ቀን ነው፣ ፌብሩዋሪ ሃያ፣ ማርች ምናምን። በዚያ ምን ይታያል?

ሰሌዳው ሲሸፈን ሞተሩ ይቆማል፣ ሳጥኑ በባትሪው ብቻ ይኖራል። ባትሪዋ ስታልቅ ፕሮግራሙን ይረሳል፣ በማግሥቱ ጋቢው ቢነሳም ሞተሩን የሚያስነሳው የለም። በሳሳው ጋቢ ትንሽ ብርሃን እየሾለከ ግማሽ ሕይወት ይቀረው ነበር። ምንም የማያሾልከውን ድርብ የላክሁት እኔ ነኝ። ኮረንቲውን አይተሃል ወይ ያለኝ ይግዛው ነው። ስድቡን ሁሉ ለሱ ነው የላክሁት።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ፣ ጽጽቃ

በጭነት መኪና መጣሁ። መንገድ ሙሉ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። ልቆጣ ነበር የመጣሁት። ስደርስ አጎቴ ሰሌዳውን በቅጠል እየወለወሉ አገኘኋቸው፣ ጋቢው ታጥፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"አጎቴ፣ አልነካሁም ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ሳጥኑን? አልነካሁም። ያለበስኩት መስተዋቱን ነው።"

"ለምን?"

አዩኝ። የማላውቅ መሆኔን ያላመኑ ይመስላሉ። "ያምናው በረዶ ማሽላውን እንዴት እንዳደረገው አልሰማህም? ከዚያ ወዲህ አገሩ ተቀምጦ ተማምሏል። በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም በሬ አይጠመድም፣ ወፍጮ አይዞርም። ሰው አርፎ፣ በሬ አርፎ፣ ያንተ ሞተር ሲያጓራ ቢውል በረዶው ማንን ይጠይቅ? ሽማግሌዎቹ 'ወልደ ጻድቅ፣ ዘበኛው አንተ ነህ፣ አሳርፈው' አሉኝ። ማጥፊያው ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ሳጥኑን አትንካ ብለኸኛል። ምን ላድርግ? እንደ ሰው አለበስኩት።"

"በማግሥቱ እንደማይነሳ አይተዋል። ለምን አልነገሩኝም?"

"ማግሥቱን በዓሉ አደረገው ብዬ መች አሰብኩ። እኔ ያሳረፍኩት ለአንድ ቀን ነው። ሦስት ቀን የሚተኛ ሰነፍ መሆኑን ከየት ልወቅ?"

"እሁድስ? እሁድ አያለብሱትም።"

"እሁድን ራሱ ያውቃል። ማንም ሳይነካው ያርፋል፣ ሰኞ ይነሳል። ሚካኤልን ነው የማያውቅ። ያልነገርከውን ከየት ያውቃል?"

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ እሁድን ስጽፍ ሚካኤልን ያልጻፍኩት ለምንድን ነው? ሊስፕ ስለማያውቀው አይደለም። አዲስ አበባ ያሉት አለቆች ስለ እሁድ ጠየቁኝ፣ ስለ ሌላው አልጠየቁኝም፣ እኔም አላነሳሁም። ኋላ ቀር እንዳልባል ይመስለኛል።

ከሰዓት ሽማግሌዎቹን አገኘን። ግማሹ በኽምጣንጋ ግማሹ በአማርኛ ሆነና ነገሩ ረዘመ። በመጨረሻ ተስማማን። ሞተሩ በአራቱ ቀናት አይዞርም። ዋዜማውን ፀሐይ እስክትገባ ታንከሩን አፉ ድረስ ይሞላዋል፣ ውሃ መቅዳት ደግሞ በማንም አልተከለከለም። መስተዋቱ ግን አይሸፈንም፣ ሳጥኑ እንዲኖር። አንዱ ሽማግሌ "ታዲያ ማን ነው የሚያሳርፈው?" አሉ። "ራሱ" አልኳቸው። "እሱ ቀን ይቆጥራል?" አሉ። "አስተምረዋለሁ" አልኩ።

ሚያዝያ 18፣ እሁድ፣ ሰቆጣ

የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚመልስ ተግባር ጻፍኩ። ጳጉሜን ላይ ስደርስ ራሴን ያዘኝ። አምስት ናት ስል ስድስት ትሆናለች። የይግዛውን ጠራጊ ወደ ቦታው መለስኩ፤ ከኔው ይሻላል። ይህንንም ጻፍኩለት፣ ይቅርታም ብያለሁ። አልመለሰም።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ትናንት ገብርኤል። ሞተሩ ዝም፣ ሳጥኑ በሕይወት። ዛሬ ጠዋት ተነሳ። አላመንኩም፣ ደግሜ ደግሜ ጠየቅኩት፣ ደግሞ ደጋግሞ መለሰልኝ። ዋዜማ ስለሆነ ታንከሩን እየሞላ ነው።

ማታ፦ አቶ ይሄይስ ነገ ጽጽቃ ይገባሉ። ዓርብ ነበር ያሉኝ፣ ፕሮግራማቸው ተለወጠ። ነገ ማርያም ናት።

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

ሳልረሳው ልጻፈው።

አምስት ሰዓት ላይ ደወሉ። "ደግሰው፣ ፓምፑ ሥር ቆሜያለሁ። ሞተሩ አይሠራም።"

"ዛሬ ማርያም ስለሆነች ያርፋል። ፕሮግራሙ እንደዚያ ነው።"

"እኔ ያን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት የቆመ ሞተር ለማየት አይደለም። ከዚያው ሆነህ ታስነሳዋለህ አይደል? አስነሳው፣ ልየው።"

ኤዲተሩ ፊቴ ተከፍቷል። መስመሩ በዚያች ሰዓት እንደ ተአምር ደህና ነው። ሁለት ቃልና ሁለት ቅንፍ ነው። ጻፍኩት። የቀረኝ መላክ ብቻ ነው።

ስልኩ እጅ ተለዋወጠ። አጎቴ ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጄ፣ ሰውዬው ሊነቅሉት ነው። አስነሳው። ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ሽማግሌዎቹንም እኔ እመልሳለሁ።"

እኚህ ሰው ናቸው ጋቢያቸውን አልብሰውት በሸሚዝ ያስቀደሱ። የጻፍኩትን ከኋላ ጀምሬ አጠፋሁት፣ ቅንፏን ሳይቀር።

"አጎቴ፣ ቧንቧውን ይክፈቱላቸው።"

ውሃው ባዶ ጀሪካን ሲመታ በስልኩ ተሰማኝ። ከዚያ የሴቶች ወሬ። ከዚያ አቶ ይሄይስ፦ "ሞተሩ ቆሞ ይሄ ከየት መጣ?"

"ትናንት ሞልቶት ነው ያደረው። ነገ ፀሐይ እንደወጣች ይነሳል።"

"ባይነሳስ?"

"ይንቀሉት።"

ከአፌ ነው ያመለጠኝ። "እዚሁ አድራለሁ" አሉና ዘጉት።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ፀሐይ ወጣች። አልደወልኩም፣ ኤዲተሩንም አልከፈትኩም፣ ፈርቼ።

ስልኩ ጮኸ። አቶ ይሄይስ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግተው አሰሙኝ። ያጓራል። ከዚያ "እዚሁ ይቆያል" አሉ። ቀጥለውም "ኒሯቅ የምንተክለው አለ። የዚያ አገር ሰው የትኛውን ቀን እንደሚያርፍ ሄደህ ጠይቅ፣ ሳይተከል በፊት" አሉኝ።

ከሰዓት እናቴ ደወለች። ስለ ፓምፑ ምንም አላለችም፣ ለሷ ድሮም የሚነቀል ነገር አልነበረም። የወንድሟን ወሬ ነው የያዘችው።

"ትናንት ማርያም ቅዳሴ ያንን ጋቢ ለብሶ መጣልህ። እንዴት እንዳማረበት። ሰው ሁሉ ከየት አገኘኸው ሲለው ምን አለ መሰለህ?"

"ምን አሉ?"

"ከሥራ ወጣ አላቸው።"